አምስት ከመቶ የትም ቦታ አንድ ነውን?
የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር አተካከልና አያያዝ

ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ ማሳደግ የጀመረ ተማሪ አንዳንድ ጊዜ እንቆቅልሽ የሆነ ነገር ይገጥመዋል። መመሪያው እንዳዘዘው የኢንኩቤተሩን ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን ደግሞ 5 ከመቶ ላይ ያደርጋል። ሕዋሳቱንም በንጽሕና ይዘራል። በማግስቱ ግን የማሳደጊያው ፈሳሽ ከቀይነት ወደ ሮዝነት አድልቶ ያገኘዋል፤ ሕዋሳቱም እንደተጠበቀው አልተራቡም። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ተማሪውም ከመመሪያው አልወጣም። ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ?

የዚህ ጥያቄ መልስ መሣሪያው በቆመበት ቦታ ከፍታ ላይ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር በምን ሕግ እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚያዝ እንመለከታለን። በተለይም እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ሊዘነጋ የማይገባውን ነጥብ በስሌት አስደግፈን እናቀርባለን።

የሕዋሳት ማደሪያ

እ.ኤ.አ. በ1907 ሮስ ሃሪሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከእንቁራሪት ሽል የወሰደውን የነርቭ ሕብረ ሕዋስ በረጋ የሊምፍ ፈሳሽ ውስጥ አኑሮ የነርቭ ጭራዎች ሲያድጉ ለማየት ቻለ። ሕዋሳት ከእንስሳው አካል ውጪ ሊኖሩ እንደሚችሉ ከታወቀ በኋላ የተከተለው ጥያቄ ምን ዓይነት ማደሪያ ይሻሉ የሚል ነበር።

የአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት በአካል ውስጥ ሳሉ ሦስት ነገሮች ተሟልተውላቸዋል። የመጀመሪያው የማይዋዥቅ ሙቀት ነው። ሁለተኛው በዙሪያቸው ያለው ፈሳሽ ሳይተን መቆየቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የፈሳሹ የአሲድነት ልክ፣ ማለትም ፒኤች፣ በ7.4 አካባቢ መጠበቁ ነው። ኢንኩቤተር እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሣጥን ውስጥ ለማስገኘት የሚጥር መሣሪያ ነው። ሙቀቱን በማሞቂያ፣ እርጥበቱን ከታች በሚቀመጥ የውሃ ትሪ፣ የአሲድነቱን ልክ ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠብቃል።

ከሦስቱ ለጀማሪዎች ግራ የሚያጋባው የመጨረሻው ነው። ሕዋሳት ራሳቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስወጡ ከሆነ ተጨማሪ ጋዝ ለምን ያስፈልጋቸዋል?

የአምቦ ውሃ ትምህርት

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ እንደተከፈተ ስንጠጣው ምላስን የሚቆነጥጥ ጣዕም አለው። ተከፍቶ ያደረ ውሃ ግን ያን ጣዕሙን ያጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ክዳኑ ሲከፈት ጋዙ ያመልጣል፤ ጋዙ ሲያመልጥ አሲዱም ይቀንሳል።

የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በውስጡ ሶዲየም ባይካርቦኔት አለ። ባይካርቦኔቱ የቤዝነት፣ ከጋዙ የሚገኘው ካርቦኒክ አሲድ ደግሞ የአሲድነት ጠባይ ስላላቸው፣ ሁለቱ እንደ ሚዛን ሁለት ጎኖች እየተመጣጠኑ የፈሳሹን ፒኤች ይወስናሉ። ፈሳሹን ከኢንኩቤተር አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ብናቆየው ጋዙ ወደ አየር ያመልጣል፣ ሚዛኑ ወደ ቤዝነት ያጋድላል፣ ፌኖል ሬድ የተባለው ጠቋሚ ቀለምም ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከዚያም ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ሕዋሳቱ በዝተው አሲድ ሲያመነጩ ደግሞ ወደ ብርቱካናማና ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ይህን ሚዛን የሚገልጸው ቀመር በሄንደርሰንና በሃሰልባልክ ስም ይጠራል። በቃላት ሲነገር እንዲህ ይላል፦ ፒኤች ማለት 6.1 ሲደመር የአንድ ውድር ሎጋሪዝም ነው፤ ውድሩም የባይካርቦኔት ክምችት በ0.03 እና በጋዙ ከፊል ግፊት ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ክምችቱ በሚሊሞል በሊትር፣ ግፊቱ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይለካል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንሻለን። ቀመሩ ውስጥ የገባው የጋዙ ከፊል ግፊት እንጂ የመቶኛ ድርሻው አይደለም።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የዚህ 5 ከመቶ 38 ይሆናል። በሊትር 2.2 ግራም፣ ማለትም 26 ሚሊሞል ያህል ባይካርቦኔት ያለውን ፈሳሽ ብንወስድ፣ ከቀመሩ የምናገኘው ፒኤች 7.46 ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየር ግፊቷ 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። የዚህ 5 ከመቶ ደግሞ 29 ያህል ብቻ ነው። ያው ፈሳሽ በዚህ ጋዝ ሥር ሲቀመጥ ፒኤቹ ወደ 7.58 ከፍ ይላል። በሊትር 3.7 ግራም ባይካርቦኔት ባለው ፈሳሽ ላይ ስሌቱን ብንደግመው በባሕር ጠለል 7.69፣ በአዲስ አበባ 7.81 እናገኛለን። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ቢታይም ፒኤች የሎጋሪዝም ልኬት መሆኑን መዘንጋት የለብንም። የ0.12 ልዩነት የሃይድሮጅን አዮን ክምችት በሩብ ያህል መቀነሱን ያመለክታል።

ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ በ5 ከመቶ የሚገኘውን 38 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በአዲስ አበባ ለማግኘት 38ን ለ575 ማካፈል ይኖርብናል። ውጤቱ 6.6 ከመቶ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን አንብቦ ወዲያው ቁጥሩን መቀየር ሌላ ስሕተት ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ የመሣሪያውን የጋዝ መለኪያ ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። የጋዙን የሙቀት አስተላላፊነት የሚለካው ዓይነት የሚነግረን የጋዙን ድርሻ ነው፤ ስለዚህ በከፍታ ቦታ የተደረገው ስሌት ይመለከተዋል። በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለካው ዓይነት ግን በብርሃኑ መንገድ ላይ የሚገኙትን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ብዛት ይከተላል። ይህ መለኪያ በባሕር ጠለል ላይ ተስተካክሎ፣ የአየር ግፊትን ሳያገናዝብ የሚሠራ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ "5" ብሎ በሚያሳይበት ጊዜ ትክክለኛው ድርሻ ቀድሞውኑ ወደ 6.6 ቀርቧል ማለት ነው። በዚህ ላይ እኛ ጋዙን ብንጨምር ፈሳሹን አላግባብ አሲዳማ እናደርገዋለን። በተቃራኒው የጋዝን ድርሻ በመምጠጥ በሚለካ የእጅ መሣሪያ ፈትሸን፣ "5 መሆን ሲገባው 6.6 አነበበ" ብለን ወደ ታች ብናስተካክለው፣ ትክክል የነበረውን በገዛ እጃችን እናበላሻለን።

ከዚህ ውዥንብር የሚያወጣ ቀላል ፈተና አለ። ሕዋስ የሌለበትን የማሳደጊያ ፈሳሽ በሰፊ ሳሕን በስሱ አፍስሰን በኢንኩቤተሩ ውስጥ እናሳድረዋለን። በማግስቱ እንዳወጣነው፣ ጋዙ ሳያመልጥ፣ ፒኤቹን በፍጥነት እንለካለን። የመጨረሻው ዳኛ በመስኮቱ ላይ የሚነበበው ቁጥር ሳይሆን ይህ ልኬት ነው።

አተካከል

ኢንኩቤተር የሚቆምበት ቦታ የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ የማያርፍበት፣ ከበርና ከአየር ማቀዝቀዣ ንፋስ የራቀ፣ የሰው ምልልስ የማይበዛበት ሊሆን ይገባል። አቧራና ሻጋታ በወለል ላይ ስለሚበዙ መሣሪያውን መሬት ላይ ማስቀመጥ አይመከርም። ጠረጴዛው የማይነቃነቅና ውሃ ልኩ የተጠበቀ መሆን አለበት። እንደ ሴንትሪፉጅ ያሉ የሚንቀጠቀጡ መሣሪያዎች በአጠገቡ አይቀመጡ፤ ንዝረት ከሳሕኑ ጋር መጣበቅ የጀመሩትን ሕዋሳት ያውካል።

የጋዙ ሲሊንደር ቆሞ በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር መታሰር ይኖርበታል። ከላይ ጋዝ እንጂ ከታች ፈሳሽ የሚቀዳ ቱቦ የሌለው መሆኑም ይረጋገጥ። ግፊቱ በሬጉሌተር ዝቅ ተደርጎ የመሣሪያው መመሪያ በሚፈቅደው ልክ መግባት አለበት። በመግቢያው ቱቦ ላይ ጥቃቅን ተሕዋስያንን የሚያስቀር 0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይገጠማል።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአብዛኛው ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ እስካለ ድረስ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግፊቱ 57 ባር አካባቢ ሆኖ ሳይለወጥ ይቆያል። ስለዚህ የግፊት መለኪያው ጋዙ ሊያልቅ መቃረቡን አስቀድሞ አይነግረንም፤ መውረድ ሲጀምር ፈሳሹ አልቆ የቀረው ጥቂት ጋዝ ብቻ ነው። የቀረውን መጠን ማወቅ የሚፈልግ ሲሊንደሩን ይመዝን።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታና ቀለም የሌለው፣ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ነው። ቢያፈተልክ በወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ሲበዛም ሰውን አፍኖ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት። መጋጠሚያዎቹንም የሳሙና አረፋ በመቀባት መፈተሽ ይቻላል።

መሣሪያው ከተተከለ በኋላ ሕዋስ ሳይገባበት ቢያንስ ለአንድ ቀን ይሥራ። በመጀመሪያ ሙቀቱ በሌላ አስተማማኝ ቴርሞሜትር ይረጋገጣል፤ ቴርሞሜትሩ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ቢነከር በሩ ሲከፈት ንባቡ አይዋዥቅም። ቀጥሎ እርጥበቱ እስኪረጋ ይጠበቃል። የጋዙ መለኪያ የሚስተካከለው በመጨረሻ ነው። በሙቀት አስተላላፊነት የሚለካው ዓይነት በሙቀትና በእርጥበት ለውጥ በቀላሉ ስለሚሳሳት ይህ ቅደም ተከተል ሊዛነፍ አይገባም።

የዘወትር ጥበቃ

ለሕዋሳት የሚመች ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያና ለሻጋታም ይመቻል። ስለዚህ ጥበቃው የማይቋረጥ ልማድ ሊሆን ይገባል።

በየዕለቱ የሙቀቱና የጋዙ ንባብ በመዝገብ ይጻፋል። የፈሰሰ ነገር ካለ ወዲያው ይጠረጋል። በሩ የሚከፈተው ለአጭር ጊዜና ለሥራ ብቻ ነው። ማሳደጊያው ጠርሙስ ማጣሪያ ያለው ክዳን ከሌለው ክዳኑ ጥቂት ይላላ፤ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ ጋዙ ወደ ፈሳሹ አይደርስም።

በየሳምንቱ የትሪው ውሃ ተደፍቶ በንጹሕ፣ ከተሕዋስያን ነፃ በሆነ የተጣራ ውሃ ይተካል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ብረቱን ይበላል። ትሪው ቢደርቅ የማሳደጊያው ፈሳሽ ይተንና ጨዉ ይበረታል፤ ሕዋሳቱም ውሃቸውን ያጣሉ።

በየወሩ መደርደሪያዎቹ ወጥተው ይታጠባሉ፤ ግድግዳውም በ70 ከመቶ አልኮል ይወለወላል። ከ96 ከመቶ ይልቅ 70ው የሚመረጠው ፕሮቲንን ለማበላሸት ውሃም ስለሚያስፈልግ ነው። አልኮል ተቀጣጣይ በመሆኑ መሣሪያው ጠፍቶ ይጠረግ፤ ትነቱም ወጥቶ ሳያልቅ በሩ አይዘጋ። አልኮል የባክቴሪያ ስፖሮችን አይገድልም። ስለዚህ መደርደሪያዎቹና ትሪው በኦቶክሌቭ መቀቀል አለባቸው።

በኦቶክሌቩም ላይ ከፍታ ጥላውን ያጠላል። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ለመድረስ 103 ኪሎ ፓስካል ሲበቃ፣ በአዲስ አበባ ግን ወደ 128 ኪሎ ፓስካል ያስፈልጋል። ስለዚህ የደኅንነት ወሰኑን ሳናልፍ ከግፊት መለኪያው ይልቅ ሙቀት መለኪያውን እንመን።

ከሁሉ የሚያሰጋው በዓይን የማይታየው ጠላት ነው። ማይኮፕላዝማ የተባሉት እጅግ ጥቃቅን ባክቴሪያዎች የሕዋስ ግድግዳ ስለሌላቸው ፔኒሲሊን አይጎዳቸውም። ፈሳሹንም አያደፈርሱም። የሕዋሳቱን ጠባይ ግን ይለውጣሉ፤ የተመራማሪውንም ውጤት ያሳስታሉ። ስለዚህ ጤናማ የሚመስሉ ሕዋሳትም ቢሆኑ በየጊዜው በፒሲአር ወይም ዲኤንኤን በሚያቀልም ዘዴ መመርመር አለባቸው፤ አዲስ የመጡ ሕዋሳትም እስኪመረመሩ ተለይተው ይቀመጡ።

መብራት ሲቋረጥ

መብራት ሲጠፋ በሩን ከፍቶ ማየት ያጓጓል፤ ይህ ግን ያለውን ሙቀትና ጋዝ ማባከን ነው። በሩ እንደተዘጋ ይቆይ። በግድግዳው ውስጥ ውሃ የያዘው የኢንኩቤተር ዓይነት በአየር ወይም በቀጥታ ማሞቂያ ከሚሠራው ይልቅ ሙቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይዞ ይቆያል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ይህን ያስብበት። መብራቱ ሲመለስም የተሞሉት ቁጥሮች እንዳልተለወጡ ይረጋገጥ፤ የተቋረጠበት ሰዓትም በመዝገቡ ይስፈር። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሲሆን ምክንያቱን የምናገኘው ከዚሁ መዝገብ ነው።

እንግዲህ በመግቢያችን ወዳነሳነው ተማሪ እንመለስ። መመሪያውን በትክክል ተከትሏል፤ ነገር ግን መመሪያው የተጻፈው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚሠራ ሰው ነበር። ቁጥርን ከነምክንያቱ የተረዳ ተማሪ ቁጥሩ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ያውቃል። በደጋ ላይ ሳይንስን የምንማር ሁሉ፣ ከውጭ የመጣ መመሪያ በእጃችን በገባ ቁጥር፣ "ይህ ቁጥር በእኛ ከፍታ ላይ ምን ማለት ነው?" ብለን ብንጠይቅ ብዙ ድካም እናተርፋለን።