አሮጌው ስፒከር ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛችን እናቱ ቤት ወስዶን ሁለት ትልልቅ የስቴሪዮ ስፒከሮች አሳየን። ሟቹ አባቱ በውጭ አገር ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። የግራው ወፍራም ድምፅ ሲመጣበት ይንኮሻኮሻል፤ የቀኙ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ከናካቴው አያወጣም። እናቲቱም «ልጆቼ፥ እስከ ቅዳሜ አንድ ነገር ካላደረጋችሁልኝ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ፤ ሳሎኑን አጣቦብኛል» አሉን። እንዲህ ይበሉ እንጂ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ከሳጥኖቹ ላይ ይጠርጉ ነበር። ይህን የመሰለ ጥያቄ በብዙ ቤት እንዳለ ስለምናውቅ፥ ያደረግነውን ምርመራ ከነምክንያቱ እዚህ ላይ ማስፈር ወደድን።

በመጀመሪያ ስፒከር እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ዛሬ በየቤቱ ያለውን ዓይነት ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ገለጹት፤ መሠረቱም እስካሁን አልተለወጠም። በማግኔት ክፍተት ውስጥ የቀጭን ሽቦ ጥቅል ተንጠልጥሏል። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ሲያልፍ ማግኔቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጥቅሉም ኮን የሚባለውን፥ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተሠራውን ወረቀት፥ ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ ኮኑ በተራው አየሩን ይገፋል። ኮኑን ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያያይዘው በዳሩ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ቀለበት ነው።

የአሮጌ ስፒከር በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህች ቀለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ቀለበቱ የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ነበር። ይህን ስፖንጅ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንና እርጥበት ቀስ በቀስ ይበሉታል። ስፒከሩ ቢጫወትም ባይጫወትም፥ 15 ወይም 20 ዓመት ገደማ ሲሞላው እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ማግኔቱና ሽቦው ግን እንደ ጥንቱ ናቸው። እንግዲህ «ስፒከሩ ሞተ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ሁሉ ርካሽ የሆነው ክፍል ስለ ሞተ ነው።

ሆኖም ስፒከሩን ከመክፈት በፊት ጥፋተኛው እሱ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አምፕሊፋየሩን አጥፍተን የግራውን ሽቦ ወደ ቀኝ፥ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርን። ሕመሙ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ሌላው ሳጥን ቢሄድ ኖሮ፥ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም የሽቦው በሆነ ነበር። አልሄደም። ከዚያ በኋላ የፊቱን ጨርቅ አነሣን። የግራው ቀለበት ግማሹ ወድቆ በሳጥኑ ግርጌ ጥቁር ዱቄት ሆኗል። የቀኙ ገና አልተቀደደም፤ ነገር ግን በጣት ስንነካው የጣታችን ምልክት ቀረበት።

ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች ከግራና ከቀኝ አስተካክለን በቀስታ ስንገፋው ይፋተግ ነበር። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፤ «ጥቅሉ ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል። ቀለበቱ የወደቀ ኮን ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል፥ ደኅነኛው ጥቅል እንኳ ማግኔቱን ይነካል። ኮኑን ወደ መካከል ይዘን ስንገፋው መፋተጉ ቆመ። በቴስተር ስንለካው 6 ኦም ገደማ አሳየ፤ 8 ኦም ለተባለ ስፒከር ይህ የጤና ቁጥር ነው፤ ምንም ባያነብ ኖሮ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነበር።

የቀኙ ነገር ሌላ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር አንዱን ሽቦዋን ነቅለን ስንለካት ሕያው ናት። ስለዚህ የተጠረጠረው በመንገዷ ላይ ያለው ካፓሲተር፥ ወፍራሙን ድምፅ አግዶ ቀጭኑን ብቻ የሚያሳልፈው፥ ነበር። በውስጡ ፈሳሽ ያለው ዓይነት ከብዙ ዓመት በኋላ ይደርቃል። በማይክሮፋራድ ቁጥሩ እኩል የሆነና ፕላስና ማይነስ የሌለው ሌላ ስናስገባ ድምፁ ተመለሰ። ትንሿ ስፒከር ተቃጥላ ቢሆን ኖሮ ግን ምክንያቱን ሳይፈልጉ አዲስ መግጠም አይበጅም። ብዙ ሰው ደካማ አምፕሊፋየር ትልቅ ስፒከር አይጎዳም ብሎ ያምናል። ከአቅሙ በላይ የተከፈተ አምፕሊፋየር የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ከዚያም የሚወለደው ትርፍ ኃይል ትንሿን ያቃጥላታል።

አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሄደን የግራውን ብናሳየው «ቀለበት ምን ያደርግላችኋል፥ ሌላ 8 ኢንች ስፒከር ልግጠምላችሁ» አለን። ልኩ ይገባል፥ ይጮኻልም። እኛ ግን እምቢ ያልንበት ምክንያት አለን። ኤድጋር ቪልቸር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ ባቀረበው አሠራር ሳጥኑ ድፍን ነው፤ በውስጡ የታሰረው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ኮኑን ይመልሰዋል። የኮኑ መንጠልጠያ ስለዚህ ሆነ ተብሎ እንዲላላ ተደርጓል። የጓደኛችንም ሳጥኖች የዚህ ዓይነት ናቸው። በዚያ ሳጥን መንጠልጠያው ጠንካራ የሆነ ስፒከር ቢገባ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፥ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ ሳጥንና ስፒከር በሂሳብ የተጋቡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ደግሞም አንዱን ብቻ መለወጥ ሁለቱን ባዕድ ያደርጋቸዋል፤ ስቴሪዮነቱ ያኔ የት አለ? በተቀደደው ቀለበት ላይ ሲልከን መቀባትም እንደዚሁ ነው፤ ያደርቀዋል።

አዲስ መግዛት የሚሻልበት ጊዜ የለም አንልም። ሳጥኑ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ተሠርቶ ውኃ ጠጥቶ ካበጠና መገጣጠሚያው ከተላቀቀ፥ ጥቅሉ ተቃጥሎ ምትኩ ካልተገኘ፥ ወይም ዕቃው ከመጀመሪያውም ስስ ሳጥንና ጌጥ ብቻ ከሆነ ለቆራሌው ይሰጥ። ብሉቱዝ ያላቸው ትንንሾቹ አዲሶችም ለጠባብ ክፍል ምቹ ናቸው። ይሁን እንጂ ትንሽ ሳጥን ጥልቅና ከፍ ያለ ወፍራም ድምፅን በአንድነት ሊሰጥ አይችልም፤ ከሁለቱ አንዱን ይሠዋል። የእኛ መለኪያ፥ የጥገናው ዋጋ በድምፅ የሚተካከለውን አዲስ ለመግዛት ከሚያስፈልገው ግማሹን ካላለፈ እንጠግን የሚል ነው።

የጓደኛችን የቀኝ ሳጥን ግርጌው ወለል ሲወለወል በኖረበት ውኃ ትንሽ አብጧል፤ መገጣጠሚያው ግን ጠብቆ ስላገኘነው አለፍነው። ለሁለቱም የሚሆኑ ቀለበቶች በአሜሪካ ባለ ዘመድ በኩል ታዘዋል። የኮኑን ስፋት ከመለኪያው ጋር አስተያይተን ነው ያዘዝነው፤ ኢንቹ ብቻ አይበቃምና። ሲደርሱ አሮጌውን ጠርገን በኮላ እንለጥፋለን፤ ኮላው እስኪደርቅ ጥቅሉን በወረቀት ቁራጮች መካከል ላይ እናቆመዋለን።

ቅዳሜ ዕለት ቆራሌው እንደ ልማዱ እየጮኸ በበሩ አለፈ። እናቲቱም ጠርተው ባዶ ጠርሙሶች ሸጡለት።