ስለ ሥራ ትውስታና በንግድ ቤት ስላለው አገልግሎት

አንድ የእህል ነጋዴ 27 ኩንታል በቆሎ፣ ኩንታሉን በ4,600 ብር ሊሸጥ ተስማማ እንበል። ጸሓፊው ወረቀት ሳይዝ ሒሳቡን በልቡ ያወጣል። በመጀመሪያ የ20ውን ኩንታል ዋጋ አስቦ 92,000 ብር ያገኛል። ይኸን ቁጥር እንደ ያዘ የቀረውን 7 ኩንታል ሲያሰላ 32,200 ብር ይሆናል፤ ሁለቱን ደምሮም 124,200 ብር ይላል። ሰባቱን በሚያሰላበት ጊዜ 92,000ውን ሳይጠፋ ያቆየለት ኃይል የሥነ ልቡና ሊቃውንት «የሥራ ትውስታ» የሚሉት ነው። ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ያ ቁጥር ቢረሳ ጉዳት የለውም፤ ያገለገለው ለዚያች ቅጽበት ነበርና።

የአባትን ስም፣ የልጅነትን ሰፈር፣ የማባዣውን ሠንጠረዥ የያዘው ትውስታ እንደ ግምጃ ቤት ሰፊ ነው። የሥራ ትውስታ ግን እንደ መደብር ባንኮኒ ነው፤ ዕቃው የሚለካውና የሚቋጠረው በእርሱ ላይ ሲሆን ስፋቱ ጥቂት ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር በ1956 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ሊደግም የሚችለው 7 ያኽል ነገር መሆኑን፣ ይኸውም በ2 ሊጨምር ወይም ሊጎድል እንደሚችል ገለጠ። ኔልሰን ካዋን ደግሞ በ2001 ዓ.ም. በልብ መደጋገምና ማቧደን ሲከለከል ልኩ ወደ 4 እንደሚወርድ አስረዳ። እንግሊዛውያኑ አለን ባድሊና ግራሃም ሂች በ1974 ዓ.ም. ነገሩን ከፋፍለው ሲያስተምሩ፣ አንዱ ክፍል ቃልንና ቁጥርን በውስጥ ድምፅ እየደጋገመ ይይዛል፤ ሁለተኛው መልክንና ቦታን ይይዛል፤ ሦስተኛው እንደ አለቃ ሆኖ አሳብን ወዲያና ወዲህ ያዛል አሉ።

ለንግድ ቤት ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የባንኮኒው ጥበት ሳይሆን ቶሎ መጠረጉ ነው። በ1959 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገ ፈተና፣ ሰዎች 3 ፊደል ብቻ ተነግሯቸው ወዲያው በ3 በ3 እየቀነሱ ወደ ኋላ እንዲቈጥሩ ቢደረግ፣ 18 ሴኮንድ ሳይሞላ አብዛኛውን ጊዜ ፊደሎቹ ጠፉባቸው። ሦስት ፊደል እንዲህ ከሆነ፣ ጸሓፊው 92,000ውን እንደ ያዘ «በመጋዘን ስንት ኩንታል ቀረ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ምን እንደሚያደርስበት መገመት አያዳግትም። በዚህ ጊዜ «ደኅና ዋልህ» ከማለት ይልቅ ሌላ ቁጥር መጠየቅ ይጎዳል፤ ቁጥር ቁጥርን ያፈናቅላልና። አለቆች ይኸን ዘንግተው ጸሓፊውን በዝንጉነት መውቀሳቸው ብዙ ጊዜ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጥበቱን የሚያሸንፈው ማቧደን ነው። በስልክ ቁጥር መጀመሪያ ያለው 09 አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ሸክም አይሆንም፤ የቀሩትም 8 አኃዞች ሁለት ሁለት ሆነው ሲነገሩ 4 ቡድን ብቻ ናቸው። በ1980 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በፒትስበርግ የሚኖር አንድ ሯጭ ተማሪ አኃዞችን እንደ ሩጫ ሰዓት እያቧደነ ከ7 ተነሥቶ 79 አኃዝ እስከ መድገም ደርሷል። በፊደል ሲፈተን ግን ከ6 ያኽል አላለፈም። እንግዲህ ባንኮኒው አልሰፋም፤ ዕቃው በጥሩ ታሰረ እንጂ። በአገራችንም የቅኔ ተማሪ አንዱን ቤት በልቡ ይዞ ሁለተኛውን ሲያማርጥ የሚሠራው በዚሁ ኃይል ነው፤ የሰዋስውና የዜማ ልክ አስቀድሞ የተማረው ስለ ሆነ ግን ሸክሙ ይቀልለታል።

ስለዚህ 13 አኃዝ ያለውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚገለብጥ ጸሓፊ በ4፣ በ4ና በ5 ከፍሎ፣ አንዱን ክፍል ጽፎ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ባይሻገር ይሻላል። በመካከል የጠራው ሰው ቢኖር እጁን አንሥቶ ያስታግሠው፤ ካቋረጠም ከነበረበት ክፍል መጀመሪያ ይነሣ። ሲያመሳክርም ከመጨረሻው ክፍል ወደ መጀመሪያው ይሂድ፤ አንድ ጊዜ ያነበበውን በዚያው ተራ ሲደግም ዓይኑ ሳያይ ውስጣዊ ድምፁ ይቀድመዋልና።