ቁስሉን ማሰር፣ ማረፊያውንም ማጽናት



ኩርሙክ ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ በሱዳን ድንበር ላይ ትገኛለች። በማዶ ያለችው የሱዳን ከተማም ስሟ ኩርሙክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሣ፣ ደግሞም በ2023 ከካርቱም የጀመረው ጦርነት ሲስፋፋ፣ ብዙ ሺህ ስደተኞች በዚህች በር ገብተዋል። እንዲህ ባለ መከራ ጊዜ የሚሰጥ የሕክምና እርዳታ ምን መምሰል አለበት? በሦስት ነጥብ እንመልከተው።

1. ቁስሉን ማሰር። በስደት የሚገድለው ጥይት ብቻ አይደለም፤ ተቅማጥ፣ ወባና ኩፍኝም ይገድላሉ። በተቅማጥ የተያዘ ሕፃን ከሰውነቱ ውኃና ጨው ሲያልቅ ይሞታል። በፓኬት የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከጠፋ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ በጥብጦ ደጋግሞ እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነፍስ ያድናል።

2. ማረፊያውን ማጽናት። ደጉ ሳምራዊ ዘይትና ወይን አፍስሶ ብቻ አልሄደም። ቁስለኛውን በመንገዱ ወደ ነበረው የእንግዶች ማረፊያ ወሰደው፤ ለባለቤቱም ሁለት ዲናር ከፍሎ አደራ ሰጠ። የገጠሩ ሕዝባችን ማረፊያ ጤና ጣቢያውና የቀበሌው ጤና ኬላ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየኬላው ሁለት ሠራተኞች እንዲኖሩ አስቦ የተነሣ ነው። እርዳታ ሰጪው ነርሱን በከፍተኛ ደመወዝ ወደ ድንኳኑ ከወሰደ ግን ጤና ጣቢያው ባዶ ይቀራል። ድንኳኑ ሲነቀል ሕዝቡ ሁለቱንም ያጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው መጋዘን ይግባ፤ ሕመምተኛው በጤና ጣቢያው መዝገብ ይጻፍ፤ ትምህርቱም ሕዝቡ በሚሰማው በበርታ ቋንቋ ይሰጥ። ያን ጊዜ የኩርሙክ እናትና ስደተኛዋ እናት በአንድ በር ገብተው ይታከማሉ።

3. ተመልሶ መጠየቅ። ሳምራዊው ሲመለስ የቀረውን ሊከፍል ቃል ገብቷል። የጦርነቱ ወሬ ሲቀዘቅዝ እርዳታውም ይቀዘቅዛል፤ ወባ ግን ክረምቱ ሲወጣ በየዓመቱ ትመለሳለች። እንግዲህ በአንድ ጊዜ ከሚላክ ትልቅ ጭነት ይልቅ ሳያቋርጥ የሚደርስ ትንሽ ስጦታ ጤና ጣቢያን ያቆማል።

ለውይይት፦
ሀ. በአካባቢያችን ያለው “ማረፊያ” የትኛው ነው? ምንስ ጎድሎታል?
ለ. ስጦታችን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ምን ትቶ ይሄዳል?
ሐ. ከሰጠን በኋላ ተመልሰን የምንጠይቀው መቼ ነው?