ከነጠላ ምስል ወደ ስብስብ፦ የፎቶግራፍ ተመራቂ ፖርትፎሊዮ እንደ ሥራና እንደ መብት

መግቢያ

የፎቶግራፍ ትምህርቱን የሚያጠናቅቅ ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ሁለት ዝግጅቶችን ጎን ለጎን ያካሂዳል። በአንድ በኩል ለመምህራኑ የሚያቀርበውን የመመረቂያ ሥራ ያሰናዳል፤ በሌላ በኩል ከምርቃት በኋላ የሚተዳደርበትን ገበያ ያፈላልጋል። በአዲስ አበባ ይህ ገበያ በአብዛኛው የታወቀ ነው፦ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ልደት፣ የምርቃት ፎቶ፣ የማስታወቂያ ሥራ፣ የመገናኛ ብዙኃን፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ለሪፖርታቸው የሚያሠሩት ፎቶ፣ በመጨረሻም ጠባብ የሆነው የዐውደ ርእይ መድረክ። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ዝግጅቶች ለየብቻ ይመለከቷቸዋል፤ የመመረቂያው ሥራ ለውጤት፣ ገበያው ለእንጀራ ተብሎ ይከፈላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አከፋፈል ተማሪውን እንደሚጎዳው ማሳየት ነው። ሁለቱን ዝግጅቶች የሚያገናኘው ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም በአንድ ሐሳብ የተያያዘና የሠሪውን ማንነት የያዘ የምስሎች ስብስብ ነው። ስብስብ በሥነ ጥበብ ረገድ የተማሪውን ዕይታ ይገልጣል፤ በኢትዮጵያ ሕግ ረገድ ደግሞ ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኝበት አንዱ መንገድ ነው። ነጥቡን ለማብራራት አንዲት ምሳሌያዊ ተማሪ ትወሰዳለች። ይህች ተማሪ ለመመረቂያዋ የሽሮ ሜዳን ሸማኔዎች ለአንድ ዓመት ያህል ስታነሣ ቆይታለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በክፍያ ሰርግ ትቀርጻለች።

ስብስብ ከብዛት የሚለይበት

ተማሪዋ በዓመቱ መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይኖሯታል። ይህ ብዛት ገና ስብስብ አይደለም። ስብስብ የሚጀምረው ምርጫ ሲጀመር ነው። በፎቶግራፍ ታሪክ ለዚህ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው የሮበርት ፍራንክ ሥራ ነው። ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1955 ባገኘው የጉገንሃይም ድጋፍ አሜሪካን ተዘዋውሮ ከ27,000 በላይ ምስሎች አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በመጀመሪያ ፓሪስ ላይ በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ግን የገቡት 83 ብቻ ናቸው። መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረጉት ከተመረጡት ምስሎች ባልተናነሰ የተተዉት ናቸው።

ምርጫው የሚመራው «የትኛው ምስል ያምራል?» በሚል ጥያቄ ብቻ ከሆነ ውጤቱ የተበታተነ ይሆናል። ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሣ ሸማኔ፣ የሳቀ ሕፃን፣ በቀለም ያሸበረቀ የነጠላ ክምር በየግላቸው ዓይን ይስባሉ፤ አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን የሚሉት ነገር ላይኖር ይችላል። ተማሪዋ ጥያቄዋን ጠበብ አድርጋ «የሸማኔው ድካም በሸማው ላይ የሚታየው የት ነው?» ብላ ብትነሣ ምርጫው መልክ ይይዛል። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን የሚረግጠው እግር፣ መወርወሪያውን የሚቀበለው እጅ፣ የተበጠሰውን ድር ለመቀጠል የጎበጠው ጀርባ፣ በመጨረሻም በሱቅ መስተዋት ፊት ጥለቱን የምትመረምር ገዢ በአንድ መስመር ይገባሉ። ያን ጊዜ እጅግ ያማረው የፀሐይ መጥለቂያ ምስል ሊወድቅ፣ ደብዘዝ ያለው የእግር ምስል ግን ሊቀር ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ብቻውን ደካማ የሚመስለው ምስል በስብስቡ ውስጥ የራሱን ጭነት ይሸከማል።

ለሥራ ፍለጋ የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። ነጠላ ጥሩ ምስል ዕድል ወይም ጥሩ ብርሃን ሊያስገኘው ይችላል። ስብስብ ግን ሠሪው አንድን ጉዳይ ለረዥም ጊዜ ተከታትሎ፣ ከሰዎች ጋር ተግባብቶ፣ የማይጠቅመውን ለይቶ ማስወገድ እንደሚችል ያስመሰክራል። ለአዘጋጅም ሆነ ለአሠሪ ድርጅት ዋናው መረጃ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአይዳ ሙሉነህ መሥራችነት የተጀመረውን አዲስ ፎቶ ፌስትና እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በማሊ የሚካሄደውን የባማኮ የፎቶግራፍ ጉባኤ የመሳሰሉ መድረኮችም ፎቶግራፍ አንሺን በቀጣይነት በያዘው ሐሳብ እንዲታይ ያደርጉታል።

ሕጉ ስለ ፎቶግራፍ የሚለው

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራዎች ወጥ እስከ ሆኑና ግዙፍነት ባለው ነገር ላይ እስከ ሰፈሩ ድረስ ምዝገባ ሳያስፈልጋቸው ጥበቃ እንዲያገኙ ያደርጋል። ለፎቶግራፍ ግን ተጨማሪ መስፈርት ያስቀምጣል። የፎቶግራፍ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ ወይም በመጽሐፍ ሲታተም፣ ወይም የሥራ አመንጪውን ወይም የወኪሉን ማንነትና አድራሻ ሲይዝ ነው። ከሦስቱ አንዱን ያላሟላ፣ ስም የሌለውና ለብቻው የሚንከራተት ምስል በአዋጁ ፊት ቦታው ደካማ ነው።

መስፈርቱ የድሮ ፎቶ ቤቶችን ልማድ ያስታውሳል። በየቤቱ አልበም ውስጥ ያሉ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ሲገለበጡ ጀርባቸው ላይ የፎቶ ቤቱ ስም የያዘ ማኅተም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ማኅተሙ ማስታወቂያም ነበረ፤ የሠሪው ምስክርም ነበረ። የዛሬው ዲጂታል ምስል ጀርባ የለውም። ስለዚህ ማኅተሙ ወደ ሜታዳታውና ወደ መግለጫ ጽሑፉ መሸጋገር አለበት፤ ተማሪው ይህን ሥራ ካልሠራው ማንም አይሠራለትም።

የጥበቃው ዘመንም የተለየ ነው። ለአብዛኞቹ ሥራዎች የኢኮኖሚ መብት የሚጸናው በሥራ አመንጪው ዕድሜ ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ሲሆን፣ ለፎቶግራፍ ግን ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተነሣ ምስል የኢኮኖሚ መብቱ የሚያበቃው በ2042 ዓ.ም. ነው ማለት ነው፤ በ25 ዓመቷ የምትመረቅ ተማሪ ያን ጊዜ 50 ዓመቷ ይሆናል። ምስሉ የተነሣበትን ቀን መመዝገብ እንግዲህ ከጥሩ ልማድነት ያለፈ ትርጉም አለው፤ የመብቱ ዕድሜ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነውና።

የትእዛዝ ሥራ በፖርትፎሊዮ ውስጥ

ምሳሌያዊቷ ተማሪ የመመረቂያ ስብስቧን ካዘጋጀች በኋላ ለሥራ ፍለጋ የሰርግ ምስሎቿንም ልታክልበት ታስባለች። ሳይታሰብ የሚቀረው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ እነዚህ ምስሎች የማን ናቸው? በአዋጁ መሠረት በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ወይም የሥራው አዛዥ ነው። ሠሪው የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ ሞራላዊ መብቱ አይነካም፤ ማባዛቱና ማሰራጨቱ ግን የሌላ ሰው ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

የሰርግ ሥራ በተለምዶ በስልክና በቃል የሚያልቅ ነው። ዋጋ ይቆረጣል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ የአልበሙ መጠንና የምስሉ ብዛት ይነገራል። ስለ ምስሎቹ ቀጣይ አጠቃቀም የሚነሣ ነገር አይኖርም። ዝምታው በሕጉ ሲተረጎም የሚያዘነብለው ወደ አዛዡ ነው። ስለሆነም ተማሪዋ በውሏ ላይ «ፎቶግራፍ አንሺዋ ከምስሎቹ መካከል በጋራ የተመረጡትን በሥራ ማሳያዋ ውስጥ ልትጠቀም ትችላለች» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብታክል፣ ከምርቃት በኋላ የሚመጣውን ክርክር አስቀድማ ትዘጋዋለች። ሙሽሮቹ እምቢ ካሉም መልሱ ከሥራው በፊት ይታወቃል።

ትእዛዝ የሠሪን ዕይታ የግድ ያጠፋል ማለት ግን አይደለም። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 በዋተርኤድ ትእዛዝ በአፋር ክልል ዳሎል ያነሣቻቸው ስለ ውኃ የሚናገሩ ምስሎች ለአንድ ድርጅት ዓላማ የተሠሩ ናቸው፤ ሆኖም የሚታወቁት የእሷ ተከታታይ ሥራ ሆነው ነው። ቀለሙ፣ የፊት ቅቡ፣ የአለባበሱና የቦታው አመራረጥ ከቀደሙ ሥራዎቿ ጋር የተያያዘ በመሆኑ አዛዡ የገዛው ዕይታዋን ጭምር ነው። ተመራቂው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት የቅደም ተከተል ነው፤ የራሱ ስብስብ ያለው ሠሪ ትእዛዙን ወደ ዕይታው ሊያመጣ ይችላል፤ ስብስብ የሌለው ግን አዛዡ ያሳየውን ናሙና መቅዳት ይቀረዋል።

የተነሣው ሰው መብት

ከሠሪውና ከአዛዡ ሌላ ሦስተኛ ባለመብት አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም መካከል የሰውዬው ታዋቂነት፣ የሕዝብ ሥልጣኑ፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተፈጸሙ ሁነቶች ይገኙበታል።

በሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ተማሪዋን ወደ መሥሪያ ቤቱ ያስገባት «ለትምህርቴ ነው» ስላለችው ነው። ያ ፈቃድ ለመመረቂያው ዐውደ ርእይ ይበቃ ይሆናል። ከዓመት በኋላ አንድ ድርጅት ያንኑ ምስል ለቀን መቁጠሪያ ሊገዛ ቢፈልግ ግን የመጀመሪያው ፈቃድ እስከዚያ ይደርሳል ማለት አዳጋች ነው። ሰውየው የፈቀደው ለተማሪ እንጂ ለነጋዴ አልነበረም። የፈቃድ ወረቀት በአማርኛ ወይም ሰውየው በሚያውቀው ቋንቋ አጠር ብሎ ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችል ተነቦለት፣ ለትምህርት፣ ለዐውደ ርእይና ለሽያጭ የሚሰጠው ፈቃድ ለየብቻ ተለይቶ ቢሞላ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ሕፃናት ሲነሡ ፈቃዱ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ይወሰዳል። ስብስቡ በተሠራበት ወቅት ያልተወሰደ ፈቃድ ከምርቃት በኋላ ቢፈለግ ሰውየው ሥፍራ ለውጦ፣ ስልኩም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ከምርቃት በፊት የሚጠናቀቁ ተግባራት

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ወደ ተግባር ሲመለሱ አራት ሥራዎችን ያስከትላሉ። አንደኛ፣ ስብስቡ ከ15 እስከ 20 በሚደርሱ ምስሎች ተወስኖ ርእስና አጭር ሐተታ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ደንብ አይደለም፤ ተመልካች በአንድ ቁጭታ አይቶ እንዲጨርሰው የሚረዳ ልክ ነው። የምስሎቹን ቅደም ተከተል ለመወሰን ትንንሽ ኅትመቶችን ወለል ላይ ዘርግቶ ማፈራረቅ ከኮምፒውተር መስኮት የተሻለ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ፋይል ሜታዳታ ውስጥ የሠሪው ስም፣ አድራሻ፣ የተነሣበት ቀንና ቦታ ይገባል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የሚላክ ምስል ሲጨመቅ ይህን መረጃ ያጣል፤ በፋይልነት ሲላክ ግን ይዞ ይሄዳል። ለአሠሪ የሚላክ ሥራ በዚህ መንገድ ቢላክ፣ መግለጫ ጽሑፉም በተለየ ገጽ ቢያያዝ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ዋናዎቹ ጥሬ ፋይሎች ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣሉ። 6000 በ4000 ፒክሰል የሆነ ምስል በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 51 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለዐውደ ርእይ ይበቃል። ለማኅበራዊ መገናኛ ተብሎ ወደ 1080 ፒክሰል ስፋት የወረደው ቅጂ ግን በዚያው ጥራት ስፋቱ ከ9 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ዋናውን አጥፍቶ ቅጂውን ብቻ ያስቀረ ተማሪ ሥራውን ወደ ፖስታ ካርድ መጠን አሳንሶታል።

አራተኛ፣ የፈቃድ ወረቀቶችና የትእዛዝ ውሎች ከሚመለከቷቸው ምስሎች ቁጥር ጋር ተያይዘው በአንድ መዝገብ ይጠበቃሉ።

ማጠቃለያ

በሰርግና በልደት ገበያ ደንበኛው ስለ ስብስብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዋጋና የመረከቢያ ቀን ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን በዋጋ ብቻ የሚወዳደር ሠሪ ከእርሱ ባነሰ ዋጋ የሚሠራ ሌላ በመጣ ቁጥር ቦታውን ይለቃል። ሕጉም ቢሆን በራሱ ምስልን ከመወሰድ አይከላከልም፤ ባለመብቱ ለመጠየቅ በተነሣ ጊዜ የሚቆምበትን መሬት ይሰጠዋል እንጂ። ያ መሬት የሚደለደለው በትምህርት ዘመን ነው፤ በቂ ጊዜ፣ የመምህር ምክርና ያለ ክፍያ ለመሳሳት የሚያስችል ነፃነት የሚገኘው በዚያን ወቅት ነውና።

ከዚህ አንጻር ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ሥራን ሲገመግሙ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ምስል ጋር የፈቃዱን ወረቀት፣ የመግለጫውን ጽሑፍና የፋይሉን መረጃ አብረው ቢመለከቱ ተገቢ ይሆናል። ያን ጊዜ የሽሮ ሜዳዋ ተማሪ ከአዳራሹ ስትወጣ ከዲግሪዋ ጋር ስሟን የያዘ፣ የተነሡት ሰዎች የተስማሙበትና የራሷ መሆኑን ልታስረዳ የምትችለው የመጀመሪያ ሥራ በእጇ ይኖራል።