በጨፋ ዳር ለሚያድግ ከተማ ፕላን ሲዘጋጅ

ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ አድጋለች፤ አጠገቧ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረጋማው የጨፋ ሜዳ ተንጣሏል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የከተማን የዕድገት ወሰን፣ የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች የሚወስነው መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት ያገለግላል። የየሰፈሩን ዝርዝር የሚይዘው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። በእነዚህ ላይ ለሚሠሩ የመሬትና የፕላን ባለሙያዎች የሚከተለው ይጠቅማል።

1. ቤት ከማይሠራበት ቦታ ይጀምሩ። በጥር የተነሣ የሳተላይት ምስል ያሳስታል፤ ረግረጉ ደርቆ ለሽንሸና የተዘጋጀ ሜዳ ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቦት ጫማ አድርገው ይውጡ። ውኃው የደረሰበትን ጫፍ በጂፒኤስ ይያዙ። አንድ ክረምት ግን አይበቃም፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይዘው ይዙሩና ከሁሉ የከፋው ጎርፍ የት ደርሶ እንደነበር ያሳዩዎት። የሰሙትን ዛፍ ላይ ከቀረ የደለል ምልክትና ከመሬቱ ከፍታ ጋር ያመሳክሩ። ከዚያ መስመር በታች ለመኖሪያ ቦታ አይምሩ፤ ግፊቱ ቢበረታም።

2. የከብቱን መንገድ በካርታ ላይ ያስፍሩ። በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ይዘው ጨፋ ይገባሉ። የሚያልፉበትና ውኃ የሚያጠጡበት ቦታ ቤት ስለሌለበት ብቻ «ባዶ መሬት» ተብሎ ይመዘገባል። ከስሕተቶች ሁሉ ውድ የሚያስከፍለው ይህ ይመስለኛል፤ መተላለፊያው ከተዘጋ ከብቱ በእርሻ ውስጥ ማለፉ፣ ጠብም መነሣቱ አይቀርም። ስፋቱን መንጋው ሲያልፍ ቆመው ይለኩ።

3. ከወሰንዎ ውጭ ያለውን ያካትቱ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ቦርከናን ይዞ ወደ ጨፋ ይወርዳል። ስለዚህ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቦታ ከመምረጥዎ በፊት የውኃውን ጥራት በበጋም በክረምትም ያስመርምሩ። ከኮምቦልቻና ከአጎራባቹ ደዋ ጨፋ ወረዳ ባለሙያዎች ጋር አንድ ካርታ ላይ ይሥሩ፤ ውይይቱም ንድፉ ሳያልቅ ይሁን። አስቀድሞ ሳይመክሩ መንደፍ ምን እንደሚያስከትል አይተናል፤ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ኦሮሚያ ጋር ያቀናጀው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ገጥሞት፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ፣ ጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል።

4. ይዞታን ቀድመው ያጣሩ። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመሬቱ የሚነሣ ባለይዞታ ከመነሣቱ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት እንዲወያይ ያዝዛል። ውይይቱ አርሶ አደሩ በሚናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ይሁን። የወል ግጦሽ ተጠቃሚዎችንም ይጥሩ፤ በስማቸው የይዞታ ደብተር ስለሌለ ይረሳሉ።

5. ለመንገድ 30፣ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ 30፣ ለግንባታ 40 ከመቶ የሚለው አገራዊ መለኪያ ይታወቃል። ረግረጉን ከአረንጓዴው 30 ውስጥ ቆጥረው ሰፈሮቹን ያለ መናፈሻና ያለ ልጆች መጫወቻ አያስቀሩ።

6. ፕላኑ እንደጸደቀ የጎርፉንና የመተላለፊያውን መስመር በድንጋይ ችካል ያስከልሉ። የካርታውን ቅጂ ለየቀበሌው ይስጡ። በየዓመቱ መስከረም፣ ውኃው ሲሸሽ፣ ችካሎቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ የተነቀለው በዚያው ሳምንት ይተከል።