ጎንበስ በይ እንጂ አትጉበጪ

ከትከሻሽ በላይ ሆኜ የኮሪያ የትምህርት ዕድል ማመልከቻሽን ሳነብ አትቆጪ፤ ቡናው እስኪፈላ ነው። «አያቶቻችን ለኮሪያ ደማቸውን አፍስሰዋል» ብለሽ ጀምረሻል። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ወረኢሉ፣ እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጬ በዚችው ዓረፍተ ነገር ነበር የጀመርኩት። አጥፊያት አልልሽም፤ ወደ ታች አውርጂያት።

እኛ ወረኢሉዎች የአባት ዝና ይጣፍጠናል። ምኒልክ በ1888 ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ጦር የቀጠሩት እዚህ ነው እየተባልን አድገናል። የቃኘው ሻለቃም ነገር እንደዚሁ ነው። ከ1943 ጀምሮ ከስድስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ ወድቀዋል። እኔ በምማርበት በቹንቾን ጃንሆይ በ1960 የመረቁት ሐውልት ቆሟል፤ እዚያው አካባቢ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የኛን ቡና የሚያፈላ ቤት አለ። ሽማግሌዎቹ አገርሽን ሲሰሙ እጅሽን ይዘው ያመሰግኑሻል፤ ዓይንሽ እንባ ይሞላል። በማግስቱ ቤት ልትከራዪ ስትሄጂ ደግሞ ባለቤቱ ፊትሽን አይቶ «ተይዟል» ይልሻል። ሁለቱም ደርሶብኛል። ምስጋናው የአያቶችሽ ነው፤ ቤት የምትፈልጊው ግን አንቺ ነሽ።

የኮሪያ ድራማ ያሳየሽን ትተሽ እማማ ያስተማረችሽን ይዘሽ ሂጂ። ለትልቅ ሰው ሲኒ ስታቀብዪ ቀኝ እጅሽን በግራሽ ደገፍ ታደርጊ የለ? እነሱም እንዲሁ ናቸው። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር» ብለሽ ትነሺ የለ? እነሱም ይነሣሉ። በአንድ ዓመት የምትበልጥሽን ልጅ በስሟ አትጠሪያትም፤ «ኦኒ» ነው የምትያት፣ እትዬ እንደማለት። ገና ሳይተዋወቁሽ ዕድሜሽን ቢጠይቁሽም አትቀየሚ፤ ምን ብለው እንደሚጠሩሽ ጨንቋቸው ነው። ፊደላቸው 24 ነው፤ ሀሁን ከነሰባት ቤቱ ለቆጠረ ሰው የሳምንት ሥራ ነው። ቋንቋው ግን ላብ ያስወጣል። ዕድሉን ብታገኚ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ነው የምትማሪው፤ በፈተናው ሦስተኛ ደረጃ ካልደረስሽ ወደ ዲግሪው አትገቢም። ደግሞ የወረኢሉን ውርጭ ችያለሁ ብለሽ ስስ ካፖርት እንዳትይዢ።

ጎንበስ ማለት ሲበዛ ግን ጀርባ ይጎብጣል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ጎብጬ ነበር። ትልልቆቹ ሳይወጡ ከቤተ ሙከራ መውጣት ነውር መስሎኝ እስከ እኩለ ሌሊት እቀመጣለሁ። እራት ላይ ሶጁ የሚሉትን አረቄያቸውን ሲቀዱልኝ እምቢ ማለት ስድብ መስሎኝ እጠጣለሁ። አንድ ማታ አብራኝ የምትማር ኦኒ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ከድና፣ ጎንበስ ብላ፣ «ይበቃኛል» አለች። ማንም አልተቆጣት። ለካ እንዲህም ይቻላል አልኩ።

ኅዳር 24 ቀን 2017 ማታ ደግሞ አገሩ በሙሉ አስተማረኝ። ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በቴሌቪዥን ቀርበው ወታደራዊ አገዛዝ አወጁ። እኔ በሬን ቆለፍኩ፤ የማውቀው እሱን ነው። ሴኡል ያሉት ግን ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ፓርላማው ደጅ ወታደር ፊት ቆሙ፤ አጥር ዘሎ የገባ የምክር ቤት አባል ሁሉ ነበር። የተገኙት 190 አባላት በአንድ ድምፅ አዋጁ ይነሣ አሉ፤ ሳይነጋ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት የብርድ ሳምንታት የዘፋኞቻቸውን መብራት ይዘው አደባባይ ካመሹት ብዙዎቹ ያንቺ እኩያ ሴቶች ነበሩ። መጋቢት 26 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን አነሣ። ይህ ድፍረት በአንድ ሌሊት አልመጣም፤ በግንቦት 1972 ጓንግጁ ከተማ ላይ ሕዝቡ ወታደራዊ አገዛዝን ሲቃወም ደም ተከፍሎበታል። ልብ በይ፣ እነዚህ ልጆች ለኦኒያቸው አንገታቸውን የሚሰብሩት እነዚያው ናቸው።

ስለዚህ አንቺም አክብሪ፣ ተነሺ፣ በሁለት እጅ ተቀበይ። ያልገባሽን ግን አልገባኝም፣ የማትፈልጊውን አልፈልግም በይ።

እስቲ ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ተራራ አፈር ክረምት በክረምት ጎርፍ እንደሚወስደው፣ ለዚህም የደን ትምህርት መማር እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ማመልከቻሽ እሱ ነው፤ ወደ ላይ አውጪው። የቃኘው ዘማቾች ያዩት የኮሪያ ተራራ መላጣ ነበር፤ እኔ መስኮቴን ስከፍት የማየው ደን ነው። አያቶችሽን ከፈለግሽ እዚህ ጋ አስገቢያቸው፤ እነሱ ያዩት መላጣ ተራራ እንዴት እንደለበሰ ልማር ብለሽ።

በይ ጻፊ፤ አቦሉን እኔ እቀዳለሁ።