ፒኤምፒ ልፈተን ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ለመሆን ፒኤምፒ ልፈተን?

መልስ፦ ትንሽ ይቆዩ። ፒኤምፒ የተባለው የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆች የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ባለ አራት ዓመት ዲግሪ ላለው ሰው ፕሮጀክት የመራበት የ36 ወር ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ አርማታ ሲሞላ ቆሞ መቆጣጠር ብቻውን መምራት አይባልም። ካፒኤም የተባለው ፈተና ልምድ አይጠይቅም፤ የ23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃዋል። ለእርስዎ አሁን የሚስማማው ይህ ነው።

ከሁለቱም ይልቅ አጥብቄ የምመክርዎ ግን ቢሮው ውስጥ ያለውን ሥራ ነው። የሥራ መርሐ ግብሩን፣ የክፍያ ሰርተፍኬቱን፣ ለአማካሪው የሚላከውን የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ በእጅዎ ያዘጋጁ። ኃላፊዎን ደፍረው ይጠይቁ፤ ይህን የወረቀት ሥራ የሚያግዝ ሰው አይጠላም። የመሩትንም ሥራ ከነቀኑ ይመዝግቡ፤ ለፒኤምፒ ሲያመለክቱ የሚጠየቁት እሱን ነው።